የረድኤት ምስክር

በከተማው ዳር፣ የአበባ እርሻው የላስቲክ ጣሪያ በመስኮት በሚታይበት አንድ ክፍል ቤት፣ ከሰዓት በኋላ፤ ጡረታ የወጡት የመዋዕለ ሕፃናት ኃላፊ ወይዘሮ አልጋነሽ አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ያሳደጓት የልጃቸው ልጅ ረድኤት በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል፤ የአልጋነሽ ስልክ በመካከላቸው ጠረጴዛ ላይ ነው።

ረድኤት፦ «ደካማ ናት» ነው ያልሽው ወይስ «በሽተኛ ናት»? አንዱን ንገሪኝና ልወቀው።

አልጋነሽ፦ ማነው እንዲህ ያለሽ? መጀመሪያ በሩን ዝጊ፤ ነፋሱ በጀርባሽ እየገባ ነው።

ረድኤት፦ በሩን ተይው እማማ። የብድርና ቁጠባው ቢሮ ጸሐፊ መንገድ ላይ አገኘችኝ። ምን አለችኝ መሰለሽ? «የድሮ አለቃሽ ግን እንዴት ያዝኑልሻል!» ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ ሐዘኑ ለእኔ ተረፈ።

አልጋነሽ፦ ታዲያ አለቃ ማዘኑ ነውር ሆነ?

ረድኤት፦ እስኪ ያልሽውን እንዳለ ድገሚልኝ።

አልጋነሽ፦ ምን አልኩ? ምንም አላልኩም። ሰውዬው ደወለ፤ ደግሞም ጨዋ ሰው ነው። «በየገጠሩ በሞተር እየዞረች ብድር ትሰበስባለች፣ ትችላለች ወይ?» አለኝ። እኔም «ጎበዝ ናት፣ ታማኝ ናት፣ ብቻ አቧራ አይስማማትም» አልኩት።

ረድኤት፦ በቃ?

አልጋነሽ፦ ጠዋት ጠዋትም ብርድ ይነካታል ብያለሁ መሰለኝ።

ረድኤት፦ መሰለኝ!

አልጋነሽ፦ ቁርስ ሳትቀምስ ከወጣችም ራሷን ያዞራታል። ከዚህ በላይ አንድ ቃል አልተነፈስኩም፣ እናትሽን ስንዱን!

ረድኤት፦ ምን ቀረሽ ታዲያ? የደሜን ዓይነት ብቻ ነው ያልነገርሽው።

አልጋነሽ፦ አልጠየቀኝማ።

ረድኤት፦ እማማ፣ ሲቪዬ ላይ ስምሽን የጻፍኩት አያቴ ስለሆንሽ አይደለም። «ወይዘሮ አልጋነሽ ደስታ፣ የመዋዕለ ሕፃናት ኃላፊ የነበሩ» ነው የሚለው። የአንቺ አባት ደስታ፣ የእኔ አባት ጌትነት። ስማችንን ጎን ለጎን ያየ ሰው ዘመድ መሆናችንን በምን ያውቃል? እንደ አለቃ መልሺ፣ እንደ አያት አትመልሺ ብዬሽ አልነበረም?

አልጋነሽ፦ አለቃሽስ አልነበርኩም? የልጆቹን የወተት መጋዘን ቁልፍ በእጅሽ የሰጠሁሽ እኔ አይደለሁ? አልዋሸሁም።

ረድኤት፦ አለቃ ስለ ሠራተኛዋ ቁርስ አያወራም።

አልጋነሽ፦ የማያወራው መጥፎ አለቃ ነው። እግርሽን ከመሬት አንሺ፤ ካልሲም አላደረግሽ።

ረድኤት፦ እሺ። አሁን ካልሲውን ተይውና ስሚኝ። ዛሬ ሌላ ሰው ይደውልልሻል።

አልጋነሽ፦ የምን ሰው?

ረድኤት፦ ቀጣሪ ነዋ። ሲቪዬን እንደ አዲስ ጽፌ አስገብቼ ነበር። ከተመረቅኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው አነበበው እማማ።

አልጋነሽ፦ እንደ አዲስ ስትይ? ያ አብረን የጻፍነው ምን ሆነ? መነጽሬን አድርጌ ቃል በቃል ነው ያረምኩልሽ። አንዲት ስሕተት አልነበረበትም።

ረድኤት፦ አልነበረበትም። አንባቢም አልነበረውም። «ታታሪ፣ ታማኝ፣ ከሰው ጋር ተግባብታ የምትሠራ።» ይህን የማይጽፍ ማን አለ? ሰነፉም ሌባውም እንዲሁ ነው የሚጽፈው። እዚያ ቢሮ የሚከመረውን ወረቀት ቃልኪዳን ስታጸዳ ታየዋለች፤ ሰውዬው ከላይ አንድ ሁለት መስመር ያነብና ወይ ወደ ጠረጴዛው ወይ ወደ ቅርጫቱ ነው። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ ከላይ «ንጽሕናዋን የምትጠብቅ» ብዬ እጀምራለሁ።

አልጋነሽ፦ ንጽሕና ምን አደረገሽ? እኔ ነኝ እሱን ያስጻፍኩሽ።

ረድኤት፦ ለአራት ዓመት ሕፃን የሚጻፍ ነው። እናቷ ሽንት ቤት ታስለምዳት የሚያስብል።

አልጋነሽ፦ አሁን ደግሞ በእኔ ላይ መሳቅ ጀመርሽ። በቦታው ምን ጻፍሽ ታዲያ?

ረድኤት፦ የሠራሁትን። «የሕፃናቱን ወተትና ብስኩት በየቀኑ ስረከብና ሳስረክብ፣ በእኔ ጊዜ አንድ ቆርቆሮ አልጎደለም።»

አልጋነሽ፦ ይህማ እውነት ነው። አልጎደለም። ከአንቺ በፊት ዘበኛውም ጉልበቱ የጠነከረው በዚያ ወተት ነበር።

ረድኤት፦ አየሽ? እንዲህ ነው የሚጻፈው። ሰው ሲያነበው አንድ ነገር ዓይኑ ላይ እንዲመጣ። አንድ ገጽ ብቻ፤ ዋናው ነገር ከላይ፤ የማይረባውን ሁሉ አወጣሁት። የሁለተኛ ደረጃ የርዝመት ዝላይ ሰርተፊኬቴንም።

አልጋነሽ፦ ያንን ለምን? በስንት መከራ ያገኘሽው! የዘለልሽ ለት አፍንጫሽ ደምቶ... ቆይ። ቆይ እስኪ። ቃልኪዳን ነው ያልሽው?

ረድኤት፦ አዎ፣ ቃልኪዳን።

አልጋነሽ፦ የጎረቤታችን የእማዋይሽ ልጅ?

ረድኤት፦ ስንት ቃልኪዳን አለን?

አልጋነሽ፦ የእማዋይሽ ልጅ የምታጸዳው የአበባ እርሻውን ቢሮ ነው።

ረድኤት፦ እማማ...

አልጋነሽ፦ የጠየቅኩሽን መልሺ። የአበባ እርሻውን ቢሮ ነው ወይስ አይደለም?

ረድኤት፦ ነው።

አልጋነሽ፦ ተነሺ። መጋረጃውን መልሺው።

ረድኤት፦ ምን ሆንሽ?

አልጋነሽ፦ መልሺው አልኩሽ! ያንን ላስቲክ እያየሁ ይህን ነገር አልሰማም። ስንዱን ከቀበርን ወዲህ ያቺን መስኮት ከፍቼ የማድረው ሌላ አየር ስለሌለን ነው።

ረድኤት፦ መለስኩት። ስሚኝ አሁን። አበባ አልቆርጥም፣ አልረጭም። የመጋዘን ጸሐፊ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጬ እመዘግባለሁ።

አልጋነሽ፦ የምን መጋዘን?

ረድኤት፦ የዕቃ።

አልጋነሽ፦ የምን ዕቃ?

ረድኤት፦ ካርቶን አለ፣ መቀስ አለ፣ ጓንት አለ...

አልጋነሽ፦ እ?

ረድኤት፦ የሚረጨው መድኃኒትም አለ። ግን በግድግዳ የተለየ ክፍል ውስጥ ነው። በግንብ!

አልጋነሽ፦ ማን ነው ከዚያ ክፍል አውጥቶ የሚሰጠው? ጸሐፊዋ ናት አይደል? በርሜሉን የምትከፍት እሷ፣ የምትለካ እሷ፣ የምትዘጋ እሷ። እናትሽም «ሲረጩ እኛን ያስወጡናል» ትለኝ ነበር። አዎ፣ ያስወጧቸዋል፤ ሽታው ሳይለቅ ደግሞ ያስገቧቸዋል። ማታ ፀጉሯን ሳጥብላት ውኃው ራሱ ይሸት ነበር። ሳቅፋት ዓይኔን ያቃጥለኛል፤ እሷ ደግሞ ያለቀስኩ እየመሰላት «ምን ሆንሽ እማዬ?» ትለኛለች። ልጄን አቅፌ ዓይኔ የሚያቃጥለኝ እናት ነበርኩ፣ ታውቂያለሽ?

ረድኤት፦ አውቃለሁ። አብሬያችሁ እተኛ ነበር እኮ።

አልጋነሽ፦ ስታስል ጊዜ ምን አሏት? «ከቤትሽ ያመጣሽው አስም ነው።» ከቤቴ! እኔ አስም የለብኝ፣ አባቷ ወርቁ የለበት። አሁን በቤቱ ያለብሽ አንቺ ነሽ፤ እሱንም እሷ ናት ይዛልሽ የመጣችው፣ በልብሷ።

ረድኤት፦ ሐኪሙ እንዲህ አላለም።

አልጋነሽ፦ ሐኪሙ ልብሷን አላጠበም። እኔ ነኝ ያጠብኩት። ይኸው እያሳለሽ ነው። መድኃኒትሽን ሳቢ።

ረድኤት፦ ስቤያለሁ።

አልጋነሽ፦ መቼ?

ረድኤት፦ ቅድም፣ ውጪ።

አልጋነሽ፦ ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሰውዬው ከላይ አንድ ሁለት መስመር ብቻ ነው የሚያነበው ብለሽኛል። ወተቱ ነው ከላይ ያለው?

ረድኤት፦ ወተቱ ዝቅ ብሎ ነው።

አልጋነሽ፦ ከላይስ ምን አለ?

ረድኤት፦ ተይው እማማ።

አልጋነሽ፦ እኔ ማንበብ የማውቅ ሴት ነኝ። ወይ አንቺ ታነቢልኛለሽ ወይ ወረቀቱን አምጥተሽ መነጽሬን ትሰጪኛለሽ።

ረድኤት፦ «እናቴ ስንዱ ወርቁ እስከ ሕይወቷ ፍጻሜ ድረስ በዚህ እርሻ አገልግላለች።»

አልጋነሽ፦ «አገልግላለች።»

ረድኤት፦ ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

አልጋነሽ፦ ቃልማ ሞልቷል። አንቺ ሰውዬው ደስ እንዲለው የሚሆነውን መረጥሽ። ገና አልቅሼ ያልጨረስኳትን ልጅ ሲቪ ላይ ለጠፍሻት? የርዝመት ዝላዩን ሰርተፊኬት አውጥተሽ በቦታው እሷን?

ረድኤት፦ ምን ልለጥፍ? ምን አለኝ ሌላ? ዲፕሎማ? በዚህ ሰፈር ዲፕሎማ የሌለው ዶሮው ብቻ ነው! ሁላችንም አንድ ወረቀት ይዘን አንድ በር ላይ ነው የምንቆመው። ለመጀመሪያ ጊዜ የእኔ ወረቀት ከሌላው ተለየ። ሰውዬው አነበበውና ቀና ብሎ አየኝ። «የስንዱ ልጅ ነሽ?» አለኝ። ተቀመጪ አለኝ እማማ። ወንበር ሰጠኝ። እስከ ዛሬ በየቢሮው ስዞር ወንበር የሰጠኝ ሰው የለም።

አልጋነሽ፦ መታየቱ ነው እንዲህ ያስደሰተሽ? እኔ አንቺን ሳሳድግ አንድ ነገር ነበር የምጸልየው፤ እንዳትታዪ። ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ ሰው፣ ከክፉ በሽታ ዓይን እንድትሰወሪ። አንቺ ደግሞ ሄደሽ ያቺን የበላት ሰው ፊት «እኔም አለሁ» አልሽ።

ረድኤት፦ ያልታየ ሰው ደመወዝ አይበላም።

አልጋነሽ፦ ከዚያስ ምን አለሽ፣ ወንበር ሰጥቶ?

ረድኤት፦ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «ጤናሽስ?» አለ። ደኅና ነኝ አልኩ። «እናትሽም ደኅና ነኝ ትል ነበር፤ ያሠሩሽን ሴትዮ ደውዬ እጠይቃለሁ» አለኝ።

አልጋነሽ፦ ፈርቷል።

ረድኤት፦ ምን ያስፈራዋል?

አልጋነሽ፦ ከአንድ ቤት ሁለት ሬሳ።

ረድኤት፦ እንዲህ አትበይ።

አልጋነሽ፦ እላለሁ። ለእሱም እላለሁ፤ ይደውል ብቻ! «ጌታዬ፣ ይህቺ ልጅ ከአልጋ ወደ በር ስትሄድ ድምፅ የምታሰማ ልጅ ናት፤ የላስቲክ ቤትዎ አጠገብ እንዳያስደርሷት» እለዋለሁ። እኔ ያልሰማሁት ነገር እንዳይመስልሽ፤ ማታ ማታ መድኃኒትሽን ስትስቢ ፍስስ የምትለዋን ድምፅ እየሰማሁ ነው የምተኛው። እሷን ከሰማሁ በኋላ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።

ረድኤት፦ አውቃለሁ።

አልጋነሽ፦ እና ታዲያ? አሁንም እያሳለሽ ነው። ቅድም ስቤያለሁ ያልሽው ምን ሠራልሽ? አምጪው፤ ከፊቴ ሳቢ።

ረድኤት፦ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ በኋላ...

አልጋነሽ፦ ቦርሳሽ ይኸው በእግሬ ሥር ነው። እኔው አወጣዋለሁ።

ረድኤት፦ ተይው እማማ። ስጪኝ። ስጪኝ ብያለሁ!

አልጋነሽ፦ ይህ ምነው ቀለለ? ስነቀንቀው ውስጡ ምንም አይልም። ረድኤት፣ ይህ ባዶ ነው።

ረድኤት፦ ውስጡ ትንሽ ቀርቷል።

አልጋነሽ፦ ሕፃናት ሳሳድግ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ውሸት ከነመልኩ አውቃለሁ። ከመቼ ጀምሮ ነው ባዶ የሆነው?

ረድኤት፦ ከፋሲካ በፊት።

አልጋነሽ፦ በየማታው ድምፁን እሰማለሁ እኮ! ትላንትም ሰምቻለሁ።

ረድኤት፦ ባዶውንም ሲጫኑት ትንሽ ድምፅ አለው።

አልጋነሽ፦ ለምን? ባዶውን መጫን ምን ይጠቅምሻል?

ረድኤት፦ እኔንማ ምንም አይጠቅመኝም። አንቺ እንድትተኚ ነው።

አልጋነሽ፦ ኧረ በእመቤቴ... ከፋሲካ በፊት? ያን ሁሉ ጊዜ በምን ስትተነፍሺ ነበር?

ረድኤት፦ ተቀምጬ። ግድግዳውን ተደግፌ ቀስ ስል ይለቀኛል። አንቺ ካንኮራፋሽ በኋላ ወደ በረንዳ እወጣለሁ።

አልጋነሽ፦ ለምን አልነገርሽኝም?

ረድኤት፦ ብነግርሽ ምን ትሸጪ ነበር? ሬዲዮው ሄዷል። ቁምሳጥኑ ሄዷል። የቀረን ይህ አልጋና የእማዬ የላስቲክ ቦቲ ነው። እሱን ደግሞ ማንም አይገዛሽም።

አልጋነሽ፦ ጤና ጣቢያስ?

ረድኤት፦ «የለም፤ ከውጪ ግዙ» ነው የሚሉት። ውጪውን ታውቂዋለሽ። ለዚህ ነው ሥራው የሚያስፈልገኝ እማማ። ለልብስ አይደለም፣ ለመዘነጥ አይደለም። ለመተንፈስ ነው።

አልጋነሽ፦ ልትተነፍሺ እዚያ ትገቢያለሽ? ሰምተሽዋል የምትናገሪውን?

ረድኤት፦ ሰምቼዋለሁ። ሌላ በር ካለሽ አሳዪኝ። የብድርና ቁጠባው አንድ በር ነበር፤ እሱን አንቺ ዘጋሽው።

አልጋነሽ፦ አቧራው ይገድልሻል ብዬ ነው!

ረድኤት፦ አውቃለሁ። ሁሉንም ይገድላታል ብለሽ ነው። በአንቺ ቤት እኔን የማይገድለኝ ነገር ረኃብ ብቻ ነው።

አልጋነሽ፦ አፍሽ!

ረድኤት፦ ይቅርታ። ይቅርታ እማማ። አንድ ዓመት ብቻ ነው የምፈልገው። ከዚያ የሥራ ልምድ አለኝ፤ የትም ሄጄ ወረቀቴን ሳስገባ ከላይ የምጽፈው የራሴ ነገር ይኖረኛል። የእማዬን ስም አወጣዋለሁ። እምልልሻለሁ።

አልጋነሽ፦ እሷም አንድ ዓመት ብላ ነው የገባችው። «ረድኤት ትምህርት ቤት እስክትገባ» አለችኝ። ከዚያ «ስድስተኛ እስክታልፍ» ሆነ። ከዚያ...

ረድኤት፦ እማማ። ስልክሽ።

አልጋነሽ፦ ምን?

ረድኤት፦ እየጠራ ነው።

አልጋነሽ፦ ይጥራ። ማን ይሆናል? የሰንበቴዋ ዳኛ ትሆናለች።

ረድኤት፦ አይደለችም። ቁጥሩን አውቀዋለሁ። የእርሻው ነው።

አልጋነሽ፦ እንዳትነኪው።

ረድኤት፦ አልነካውም። የሚደውለው ለአንቺ ነው።

አልጋነሽ፦ እውነቱን ነው የምናገረው። እግዚአብሔርን እፈራለሁ እኔ።

ረድኤት፦ እሺ፣ ተናገሪ። አልቆጣሽም፤ ሁለተኛም ስምሽን አልጽፍም። ብቻ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ባዶውን አልጫንልሽም። እየሰማሽኝ ታድሪያለሽ።

አልጋነሽ፦ ምን ዓይነት ልጅ ነሽ አንቺ?

ረድኤት፦ ሊዘጋ ነው።

አልጋነሽ፦ ሻሽሽን አፍሽ ላይ አድርጊ። ወደ ግድግዳው ዙሪ። ወደ ግድግዳው አልኩሽ! የቱን ነው የምጫነው፣ አረንጓዴውን? ... አቤት? አዎ፣ ወይዘሮ አልጋነሽ ነኝ። እንደምን ዋሉ? ... ረድኤት ጌትነት? አዎ፣ አውቃታለሁ፤ እኔ ዘንድ ሠርታለች። ... መጋዘን ነው የያዘችው። አንድ ቆርቆሮ አልጎደለባትም፤ የጻፈችው እውነት ነው። ... አይ፣ አላስቸገረችኝም። ... እናቷን? ... ስንዱን። ... አዎ። በመጠኑ አውቃት ነበር። ... እሷስ አዎ፣ ነፍሷን ይማር። ... የልጅቷ ጤና?

ረድኤት፦ እህ... እህ፣ እህህ...

አልጋነሽ፦ ምን አሉኝ? የሚያስለው? ... እኔ ነኝ እንጂ ጌታዬ። እርጅና ነው፤ ደረቴ አልቋል። እሷንማ አንድም ቀን ስታስል ሰምቻት አላውቅም።